«ሪኮል» የወጣበት ዕቃ ቤታችሁ እንዳለ እንዴት ታውቃላችሁ? አሜሪካ ለምትኖሩ ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ዕቃ አደገኛ ሆኖ ሲገኝ «ሪኮል» ይወጣበታል። ሱቁ ከመደርደሪያ ያነሳዋል። አምራቹ ወይ ገንዘብ ይመልሳል፣ ወይ ይቀይራል፣ ወይ በነፃ ይጠግናል። እስከዚህ ድረስ አሪፍ ነው። ችግሩ ወሬው እናንተ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ላይ ነው። መጥቶ በር የሚያንኳኳ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ደብዳቤውም ኢሜይሉም በአብዛኛው የሚሄደው ዕቃውን አዲስ ገዝቶ ስሙን ላስመዘገበ ሰው ነው።

እኛ ደግሞ ዕቃ እንቀባበላለን። የሕፃኑ አልጋ ከአክስት ልጅ ይመጣል፣ ካር ሲቱ ልጇ ካደገባት ጓደኛ፣ መኪናው ከሦስተኛ እጅ። ደግ ልማድ ነው፣ ብዙዎቻችን ኑሮ የጀመርነው በዚህ ነው። ነገር ግን ዕቃው እጅ በቀየረ ቁጥር ማስጠንቀቂያው የድሮ ባለቤት አድራሻ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ፍለጋው የእናንተ ሥራ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓትና አንድ ስልክ ይበቃችኋል።

ደረጃ 1፦ ዕቃው የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ለዩ

ሁሉን ዕቃ የሚቆጣጠር አንድ መሥሪያ ቤት የለም። የቤት ዕቃ፣ መጫወቻ፣ የሕፃን አልጋ፣ ጋሪ፣ ሂተር፣ ቻርጀር፣ ብስክሌት፣ ልብስ የመሳሰለው የሲፒኤስሲ ነው። ይህ በ1972 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ነው። መኪና፣ ጎማና ካር ሲት የኤንኤችቲኤስኤ ነው፤ የመንገድ ትራፊክ ደህንነትን የሚመራው መሥሪያ ቤት። መድኃኒት፣ የቆዳ ቅባትና አብዛኛው ምግብ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤቱ፣ ኤፍዲኤ ጋ ነው። ሥጋና ዶሮ የግብርናው መሥሪያ ቤት፣ የዩኤስዲኤ ነው። ክፍፍሉ አንዳንዴ ያስቃል፦ አይብ ብቻ ያለበት የበረዶ ፒዛ የኤፍዲኤ ሲሆን፣ ፔፐሮኒ ከተጨመረበት ወደ ዩኤስዲኤ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካር ሲት ላይ ነው። የልጅ ዕቃ ስለሆነ ሲፒኤስሲ ገጽ ላይ ይፈልገዋል። አያገኘውም። «ሰላም ነው ማለት ነው» ብሎ ይተወዋል። የፈለገው ግን የተሳሳተ ቦታ ነው።

ግራ ከገባችሁ ሪኮልስ ዶት ጎቭ ላይ ግቡ። የስድስት መሥሪያ ቤቶች መግቢያ እዚያ በአንድ ላይ ተቀምጧል።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን አግኙ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። የዕቃው ስምና ቀለም ብቻውን አይጠቅምም። አንድ ድርጅት ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ዐሥር ዓይነት ጋሪዎች ሊሸጥ ይችላል፤ ሪኮል የወጣበት አንዱ ብቻ ነው፣ ከእሱም በተወሰኑ ወራት የተሠራው ብቻ።

የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ የድርጅቱ ስም፣ ሞዴል ነምበር፣ የተሠራበት ቀን። አንዳንዴ ሲሪያል ነምበር ወይም ሎት ነምበር (በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለየው ቁጥር) ይጨመራል። የሚገኙበት ቦታ ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። ካር ሲት ከሆነ ገልብጡት፤ ነጩ ስቲከር ከሥሩ ወይም ከጎኑ ነው፣ አንዳንዴ ጨርቁ ይሸፍነዋል። የሕፃን አልጋ ከሆነ ፍራሹን አንሡና የራስጌውንና የግርጌውን ሳንቃ ከውስጥ በኩል እዩ። ጋሪ ከሆነ እግሩ ላይ ወይም ከመቀመጫው ሥር። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ከኋላው ወይም ከሥሩ፣ ብረት በሚመስል ወረቀት ላይ።

ጽሑፉ ጥቃቅን ነው። አታንብቡት፣ ፎቶ አንሡትና በስልካችሁ አጉሉት። ዜሮና «ኦ»፣ አንድና «አይ» እንዳይምታቱባችሁ ተጠንቀቁ። ቀኑም ላይ ልብ በሉ። አሜሪካ ወር ነው የሚቀድመው፤ 04/09 ማለት ኤፕሪል 9 ነው። ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ ግን ተገልብጦ ሊጻፍ ይችላል። ፎቶዎቹን አንድ አልበም ውስጥ ሰብስቧቸው፣ ከስድስት ወር በኋላ ስትመለሱ እንደገና አልጋ ሥር አትንበረከኩም።

ስቲከሩ ተልጦ ወይም ተፍቆ ከሆነስ? ለአዋቂ ዕቃ ችግር የለውም፣ በመልኩ ለመለየት መሞከር ይቻላል። የሕፃን አልጋና ካር ሲት ከሆነ ግን አትጠቀሙበት። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ የማይታወቅ ካር ሲት ላይ ልጅ አይታሰርም።

ደረጃ 3፦ ፈልጉ

ሲፒኤስሲ ዶት ጎቭ ላይ «ሪኮልስ» የሚለውን ንኩ። መጀመሪያ የድርጅቱን ስም ብቻ ጻፉ። ሞዴል ነምበሩን ወዲያው ከጻፋችሁ፣ በመሐል ባለች አንዲት ሰረዝ ምክንያት «ምንም አልተገኘም» ሊላችሁ ይችላል። ስሙን ጽፋችሁ ዝርዝሩ ሲመጣ ፎቶውን እያያችሁ አጥብቡ፣ ቁጥሩን በመጨረሻ አስተያዩ።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንከር የተባለው ድርጅት በጁን 2025 ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ፓወር ባንክ ሪኮል አድርጓል። ሞዴሉ ኤ1263 ነው። አንከር የሚል ፓወር ባንክ ያለው ሰው ሁሉ ግን አይመለከተውም። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ያለው ቁጥር ኤ1263 መሆን አለበት። ከዚያ ሲሪያል ነምበሩን የድርጅቱ ገጽ ላይ አስገብታችሁ፣ ከተጠሩት ውስጥ መሆኑን ታረጋግጣላችሁ። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ያኔ ባትሪው ሊሞቅና ሊነድ የሚችል ነው።

እዚያው ገጽ ላይ «ዋርኒንግስ» የሚል ሌላ ክፍል አለ። ብዙ ሰው አያየውም። ሪኮል አብዛኛውን ጊዜ በስምምነት የሚወጣ ነገር ነው፤ መሥሪያ ቤቱና ድርጅቱ ተነጋግረው ነው። በሕጉ መሠረት ሲፒኤስሲ የአንድን ድርጅት ስም ጠርቶ ከማስጠንቀቁ በፊት ለድርጅቱ ማሳወቅና አስተያየቱን መስማት አለበት። ለዚህ ነው ነገሩ የሚጓተተው። ድርጅቱ እምቢ ካለ ወይም ከጠፋ መሥሪያ ቤቱ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ያወጣል። በ2021 ፔሎተን ትሬድ ፕላስ በተባለው የመሮጫ ማሽን ላይ እንዲህ ሆኗል፤ ኤፕሪል ላይ ማስጠንቀቂያ ወጣ፣ ድርጅቱ ተከራከረ፣ ሜይ ላይ ሪኮል አደረገ። በኦንላይን ገበያ ስማቸው እንኳ ለማንበብ የሚከብዱ፣ አድራሻቸው ባሕር ማዶ የሆነ ሻጮች ግን ብዙዎቹ መልስ አይሰጡም። የእነሱ ዕቃ የሚገኘው «ዋርኒንግስ» ውስጥ ነው። ገንዘብ የሚመልስ የለም፤ ምክሩ «ተዉት፣ ጣሉት» ነው።

ከአማዞን የምትገዙ ከሆነ አካውንታችሁ ውስጥ የገዛችሁትን እያየ ሪኮል የሚያሳይ ገጽ አለ። በራሳችሁ ስም ለገዛችሁት ብቻ ነው የሚሠራው።

ደረጃ 4፦ ማስታወቂያውን አንብቡ

የሲፒኤስሲ ማስታወቂያዎች አንድ ዓይነት አቀራረብ ስላላቸው አንዱን ያነበበ ሁሉንም ያነባል። ከላይ የዕቃው ስም አለ። ቀጥሎ «ሃዛርድ»፣ ማለትም ምን ሊያደርስ እንደሚችል። ከዚያ «ሬሜዲ»፦ ሪፈንድ፣ ሪፕሌስ ወይም ሪፔር። ከሥሩ የተሸጠበት ጊዜ፣ ቦታና ዋጋ ይመጣል። በስንት ሰው ላይ ጉዳት እንደደረሰም ተጽፏል።

«ሬሜዲ» የሚለውን ሳታዩ ዕቃውን አትጣሉ። ብዙ ድርጅቶች ማስረጃ ይፈልጋሉ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ የተለመደው እንዲህ ነው፦ ከሶኬት ነቅላችሁ ገመዱን በመቀስ ትቆርጣላችሁ፣ ዕቃው ላይ በማርከር «ሪኮልድ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ የተቆረጠው ገመድና ስቲከሩ አብረው የሚታዩበት ፎቶ አንሥታችሁ በድርጅቱ ገጽ ትልካላችሁ። ቆሻሻ ውስጥ ከጣላችሁት በኋላ ካስታወሳችሁ ገንዘቡ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ደረሰኝ ግን ብዙ ጊዜ ግዴታ አይደለም፣ ስለሌላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ሌላ ነገር፦ ሪኮል ገንዘብ አያስከፍልም። «ሪፈንዱን ለመላክ መጀመሪያ 20 ዶላር ክፈሉ» ወይም «የባንክ ፓስወርድ ንገሩን» ካሏችሁ አጭበርባሪ ናቸው። መልእክት ሲደርሳችሁ ውስጡ ያለውን ሊንክ አትንኩ፤ የመንግሥቱ ገጽ ላይ ራሳችሁ ገብታችሁ አረጋግጡ። ሲፒኤስሲ በስልክ ማነጋገር ከፈለጋችሁ 800-638-2772 ነው።

መኪና፦ በተለይ ኡበርና ሊፍት ለምትሠሩ

ቪን ነምበሩ፣ ማለትም የመኪናው መለያ፣ 17 ፊደልና ቁጥር ነው። ከውጭ ሆናችሁ በሹፌሩ በኩል የፊት መስታወቱ ታችኛ ጥግ ላይ ታዩታላችሁ፤ የሹፌሩ በር ሲከፈትም ማዕቀፉ ላይ አለ። ኤንኤችቲኤስኤ ዶት ጎቭ ላይ «ሪኮልስ» ብላችሁ አስገቡት። ያልተሠራ ሪኮል ካለ ወዲያው ያወጣዋል።

ጥገናው ነፃ ነው። መኪናውን ከማንም ግዙት፣ ስንተኛ ባለቤት ሁኑ፣ ለውጥ የለውም። የግድ የገዛችሁበት ቦታ መሄድ አያስፈልግም፤ የመኪናው ብራንድ ሕጋዊ ዲለር የሆነ ሁሉ ይሠራል። ሰፈር ያለው ጋራዥ ግን በነፃ አይሠራላችሁም። ሕጉ በነፃ የማስጠገን ግዴታን ያስቀመጠው መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ በ15 ዓመት ውስጥ ለታወጀ ሪኮል ነው። ቀኑን ሙሉ ከሥራ እንዳትቀሩ ስትደውሉ ዕቃው መግባቱንና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቁ። ተለዋጭ መኪና እንዲሰጡ አይገደዱም፣ አንዳንዶቹ ግን ይሰጣሉ፤ ጠይቁ እንጂ።

ታካታ የተባለው ድርጅት የሠራውን ኤርባግ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። በአሜሪካ ከ60 ሚሊዮን በላይ ኤርባግ የተጠራበት ትልቁ የመኪና ሪኮል ነው። ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል አሞኒየም ናይትሬት ነበር። ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። ከዚያ በግጭት ጊዜ ከመጠን በላይ ይፈነዳና የብረት ስብርባሪ ወደ ሹፌሩ ፊትና አንገት ይወረውራል። ሆንዳ፣ ቶዮታ፣ ኒሳን፣ ፎርድ፣ ቢኤምደብሊው፣ ሌሎችም ውስጥ ተገጥሞ ነበር። በርካሽ የሚገዙ የ2000ዎቹ መኪኖች ላይ እስከ ዛሬ ያልተቀየረ አለ። ቪኑን ስታስገቡ «ዱ ኖት ድራይቭ» የሚል ከመጣ መኪናውን አታስነሡ፤ ዲለሩን ደውላችሁ በነፃ ይጎትቱት እንደሆነ ጠይቁ።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ ይህን እወቁ፦ የኪራይ መኪና ድርጅቶች 35 ወይም ከዚያ በላይ መኪና ካላቸው ያልተሠራ ሪኮል ያለበትን እንዳያከራዩ በፌዴራል ሕግ ተከልክለዋል። ያገለገለ መኪና ሻጭን ግን እንዲህ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። የሽያጭ ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ ቪኑን አስገቡት።

ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ አድርጉት። ሰዓት በተቀየረ ቁጥር ብታደርጉት አትረሱም።

ካር ሲትና የሕፃን አልጋ

ያገለገለ ካር ሲት የሚሰጣችሁን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት። አደጋ አይቷል? የጎደለ ዕቃ አለው? ከማን አገኘኸው? መልሱን የማያውቅ ከሆነ አመስግናችሁ ተዉት። ከባድ ወይም መካከለኛ ግጭት ያየ ካር ሲት በዓይን ቢታይ ደህና ቢመስልም መቀየር አለበት። የአገልግሎት ማብቂያ ቀንም አለው፤ ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጿል። ከተቀበላችሁት በኋላ ሞዴሉንና የተሠራበትን ቀን አስገብታችሁ በስማችሁ አስመዝግቡት። ሁለተኛ ባለቤት መሆን አይከለክልም።

አልጋው ላይ ቀላል መለኪያ አለ። የኮካ ጣሳ በቋሚ ዘንጎቹ መሐል ካለፈ ሰፊ ነው፣ የሕፃኑ ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል። ሕጉ የሚፈቅደው ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ አልጋ ከጁን 28 ቀን 2011 ጀምሮ መሸጥ ተከልክሏል። እንደዚህ ያለ አልጋ ዛሬም በየምድር ቤቱ አለ። «ለሚቀጥለው ልጅ» ተብሎ ተፈታትቶ የተቀመጠ። አታውጡት።

በአልጋው ዙሪያ የሚታሰረው ወፍራም ባምፐርና ሕፃኑን አጋድሞ የሚያስተኛው ዘንበል ያለ መኝታ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ታግደዋል። ሁለተኛው ከባድ ታሪክ አለው። የፊሸር ፕራይስ ሮክ ኤን ፕሌይ በኤፕሪል 2019 ሲጠራ 4.7 ሚሊዮን ያህል ተሽጦ ነበር። በጃንዋሪ 2023 ሪኮሉ እንደገና ታወጀ፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው በኋላም ሕፃናት ሞተውበታል። ዕቃው ከመደርደሪያ ቢነሣም ከቤት አልወጣም ነበር።

ቤታችሁ ውስጥ የሰው ልጅ የምትጠብቁ፣ ፈቃድ ያላችሁም የሌላችሁም፣ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ምልክቶቹ ምን ይላሉ?

ዕቃ ላይ ያለ ማኅተም ሁሉ የመንግሥት አይደለም። ዩኤል፣ ኢቲኤልና ሲኤስኤ የግል ላቦራቶሪዎች ናቸው፤ ናሙናውን በእሳትና በኤሌክትሪክ አደጋ በኩል ፈትነውታል። ሂተር፣ ቻርጀርና የኤሌክትሪክ ብስክሌት ስትገዙ ከሦስቱ አንዱን ፈልጉ። ሲኢ የሚለው ምልክት የአውሮፓ ነው። ብዙ ጊዜ አምራቹ ራሱ «ሕጉን አሟልቻለሁ» ብሎ የሚለጥፈው ስለሆነ እዚህ ብዙም አትመኩበት። ከሀገር ቤት በሻንጣ የመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ለ220 ቮልት የተሠራ ነው። መሰኪያ ቀይሮ 120 ቮልት ላይ መሰካት እንጀራውን አያበስልም፤ በማያውቁት ሰው ገመድ ማስቀየር ደግሞ ቤት ያቃጥላል።

«ኤፍዲኤ አፕሩቭድ» የሚል የፊት ቅባት ካያችሁ ጠርጥሩ። ኤፍዲኤ ከቀለም ማቅለሚያ በስተቀር ኮስሜቲክስን ለገበያ ከመውጣቱ በፊት አያጸድቅም። «ኤፍዲኤ ሬጂስተርድ» ደግሞ ድርጅቱ ስሙን አስመዘገበ ማለት ነው፣ ዕቃው ተመርምሮ አለፈ ማለት አይደለም።

ምግብ፣ ቅባትና ኩል

ምግብ ላይ ሪኮል ሲወጣ ሎት ነምበሩንና ማብቂያ ቀኑን አስተያዩ። በሦስት ደረጃ ይመደባል። ክላስ 1 ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ሊያደርስ የሚችል ነው፣ ክላስ 3 በጣም ቀላሉ። ክላስ 1 ከሆነ «ትንሽ ቀምሼ ልየው» የለም።

ፊት የሚያቀሉ ቅባቶች ላይ ሜርኩሪ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ማሸጊያው ላይ «ሜርኩሪ»፣ «ካሎሜል»፣ «ሜርኩሪክ» የሚል ካለ፣ ወይም የተሠራበት ነገር ጨርሶ ካልተጻፈ አትጠቀሙ። ሜርኩሪው ከተቀባችው ሴት እጅ፣ ፎጣና ትራስ ወደ ልጇም ይደርሳል።

ባህላዊ ኩል ላይ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ይገኛል። ኤፍዲኤ ኩልን እንደ ቀለም አይፈቅደውም፣ ለሕፃን ዓይን ደግሞ ጨርሶ። ልጃችሁ ተኩሎ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩትና የደም የሊድ ምርመራ ጠይቁ። ሜዲኬይድ ያላቸው ልጆች በ12 እና በ24 ወራቸው መመርመር አለባቸው። ልጅ አንድ ነገር ከዋጠ ወይም ከቀመሰ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ 800-222-1222 ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ አላቸው።

ለሰው ከመስጠታችሁ፣ ሻንጣም ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት

ሪኮል የወጣበትን ዕቃ መሸጥ ከ2008ቱ ሕግ ወዲህ ክልክል ነው። ያርድ ሴልም ፌስቡክ ማርኬትም ያው ነው። በነፃ መስጠትም ቢሆን አደጋውን ለዘመድ ማስተላለፍ ነው። ስለዚህ ሰባብራችሁ ጣሉት።

ሊቲየም ባትሪ ያለበት ከሆነ ግን ቆሻሻ ውስጥም፣ ሱቅ በር ላይ ያለው የአሮጌ ባትሪ ሳጥን ውስጥም አይጣልም። የከተማችሁን የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ደውላችሁ «ሪኮል የሆነ ሊቲየም ባትሪ ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ለምትሄዱ፦ ሪኮል የወጣበት ባትሪ አውሮፕላን ላይ አይወጣም፣ በእጅ ሻንጣም ቢሆን። ለእህት ልጅ የምትወስዱትን ፓወር ባንክ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት።

እናንተው ሪፖርት አድርጉ

ሪኮል የሚጀምረው ከሰው ጥቆማ ነው። ቻርጀሩ ቀልጦ፣ የአልጋው ዘንግ ተነቅሎ፣ መጫወቻው ባትሪ ጥሎ ከሆነ ሴፈርፕሮዳክትስ ዶት ጎቭ ላይ ሙሉ። ሰው መጎዳት የለበትም፣ ለጥቂት መትረፍም ይበቃል። መኪናና ካር ሲት ከሆነ ለኤንኤችቲኤስኤ ነው፣ ስልኩ 888-327-4236።

ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ዕቃው፣ ስለደረሰው ነገርና ስለ አድራሻችሁ ነው። የመኖሪያ ወረቀት አይጠይቅም። ሴፈርፕሮዳክትስ ላይ ስማችሁ ለሕዝብ አይወጣም፣ ለድርጅቱም እናንተ ካልፈቀዳችሁ አይሰጥም። ጥቆማው ለድርጅቱ ይላክና፣ መልስ የመስጠት ዕድል ካገኘ በኋላ በአብዛኛው በ10 የሥራ ቀን ገጹ ላይ ይወጣል። የተበላሸውን ዕቃ ከሶኬትም ከልጅም አርቃችሁ በካርቶን አስቀምጡት፤ መርማሪ ሊያየው ሊፈልግ ይችላል።